የቤታችሁን ምድጃ ማን ይሥራው?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ከእሳት የተወሰደ ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን በሌላው ጉዳይ ሁሉ ስንጠቅሰው ለራሱ ለእሳት ግን አናስታውሰውም። ሰው ቤት ሲሠራ ለመሠረቱ ያስባል፤ ለቆርቆሮው ያስባል፤ የበሩንና የመስኮቱን ቀለም እንኳ ወዳጅ አማክሮ ይመርጣል። ምድጃውንና የጢስ መውጫውን ግን ገንዘቡ ባለቀበት በመጨረሻው ሳምንት፣ ለተገኘው ሰው በተገኘው ዋጋ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ሳያስነቃ ሊገድለው የሚችለው ይኸው በመጨረሻ የታሰበው ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ወር እትማችን ስለ ምድጃና ስለ ጢስ መውጫ፣ ይልቁንም ይህን ሥራ ስለሚሠሩልን ባለሙያዎች አመራረጥ፣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር ለማቅረብ እንወዳለን።

በአንድ መምህር ቤት የሆነው ነገር

በአዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ የምናውቃቸው አንድ መምህር ይኖራሉ። እኒህ መምህር ከጥቂት ዓመታት በፊት ለነባር ቤታቸው አንድ ሰፊ ክፍል ጨመሩና፣ ቦታው የሐምሌ ብርድ የሚጸናበት ስለሆነ በግድግዳው ውስጥ የእሳት ማንደጃ እንዲሠራ ፈለጉ። ሁለት ግንበኞችም አስጠርተው አነጋገሩ።

የመጀመሪያው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ወደ ክፍሉ ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ወደ ውጭ ወጥተው የጣራውን ጫፍና በአጠገቡ የቆመውን ባሕር ዛፍ ተመለከቱ፤ ከዚያም መጠየቅ ጀመሩ። «ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከየት በኩል ይመጣል? ከኮርኒሱ በላይ ያለው እንጨት ከዚህ ግድግዳ ምን ያህል ይርቃል? የምታነዱት እንጨት ነው ወይስ ከሰል? ማታስ በዚህ ክፍል የሚተኛ ሰው አለ?» መምህሩ የጥያቄውን ብዛት ሲሰሙ «እኚህ ሰው ሥራውን አያውቁት ይሆን?» ብለው አሰቡ። ዋጋውም ከበዳቸው።

ሁለተኛው የአጥር ግንብ በመገንባት በሰፈሩ ስሙ የተመሰገነ ወጣት ነበር። እርሱ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «መቼ ልጀምር ጋሼ?» አለ። የጠየቀውም ዋጋ የሽማግሌውን እኩሌታ ስለ ነበር ሥራው ለእርሱ ተሰጠ።

ማንደጃው ሲታይ ያማረ ሆነ፤ ነገር ግን እሳቱ በተለኮሰ ጊዜ ጢሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የጢስ መውጫው ጠባብ ነበር፤ በሁለት ቦታ እንደ ክርን ታጥፎአል፤ ጫፉም ከጣራው አናት በታች ቀርቶአል። ግንበኛው ሲጠየቅ «ሲሞቅ ይስተካከላል» አለ። ቢሞቅም አልተስተካከለም። በመጨረሻ ቤተሰቡ መላ ያገኘ መሰለው፤ ይኸውም በእንጨት ፈንታ ጢስ የሌለውን ከሰል በማንደጃው ውስጥ አቀጣጠሉ፤ ከላይ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ንፋስና ዝናብ ለማገድም የጢስ መውጫውን በጆንያ ወተፉት።

አንድ የነሐሴ ሌሊት ብርዱ ስለ በረታ ልጆቹን ወደዚያ ክፍል አምጥተው በሩን ዘግተው ተኙ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትንሹ ልጅ አለቀሰ። እናትየው ለመነሣት ሲሞክሩ ራሳቸው ተሰነጠቀ፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው። በእንብርክካቸው እየዳኹ ደርሰው በሩን ከፈቱ። የልጁ ልቅሶና የእናቱ መዳኽ ባይኖር ኖሮ፣ በዚያ ቤት በማግስቱ የሚነቃ ሰው ባልተገኘ ነበር። በጧትም ሁሉም ራሳቸውን እያመማቸውና እያቅለሸለሻቸው «ምች መታን» ይባባሉ ነበር። በጤና ጣቢያው ያገኙት የጤና ባለሙያ ግን ማታ ምን እንዳነደዱ በጠየቃቸው ጊዜ ምቹ ምን እንደ ሆነ ታወቀ።

ጢስ ይነግራል፤ መርዙ ግን አይነግርም

ለመሆኑ ያን ቤተሰብ ሊገድለው የነበረው ምንድን ነው? እንጨትም ሆነ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይንን አያስለቅስም፤ ጉሮሮንም አይከረክርም። ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ ኦክስጅንን በሚሸከመው በደማችን ክፍል ላይ ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና የሐሳብ መደናገር ናቸው፤ ከዚያም ሰው ራሱን ይስታል። የተኛ ሰው ግን እነዚህን ምልክቶች ሳያውቃቸው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሻገር ይችላል።

እንጨት ሲነድ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ «በር ክፈቱ» ይለናል። የተቀጣጠለ ከሰል ግን ያለ ጢስ ቀልቶ ስለሚታይ ንጹሕ ይመስለናል። ብዙ ሰው «ከሰሉ ከቀላ በኋላ ችግር የለውም» እያለ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የቀላ ከሰልም ይህን መርዝ ከማውጣት አያቋርጥም።

ጢሱም ቢሆን ምንም ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣ የተበከለ አየር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ከ237,000 በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ይህ ጢስ የሕፃናትን የሳንባ ምች፣ የአዋቂዎችን የልብና የሳንባ በሽታ፣ የዓይን ሞራንም ያመጣል።

በደጋ አገር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ሰውነታችን አስቀድሞ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ መርዙ ፈጥኖ ይጎዳናል። ሁለተኛው፣ የጢስ መውጫ ጢስን የሚስበው በውስጡ ያለው ሞቃት አየር በውጭ ካለው ከቀዝቃዛው አየር ስለሚቀልል ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ግን የመሳብ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ በቆላና በባሕር ዳር አገር የሚበቃ የጢስ መውጫ በእንጦጦ ግርጌ ወይም በደብረ ብርሃን አይበቃም፤ ከፍ ብሎና ሰፋ ብሎ መሠራት አለበት። ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ሥዕል ሳይመረመር የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያ እንዴት ይመረጣል?

ከላይ በተረክነው ታሪክ ወጣቱ ግንበኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አጥር መገንባትንም በሚገባ ያውቅ ነበር። ጥፋቱ አጥርና ምድጃ አንድ ሥራ መስሎ መታየቱ ነው። አጥር የሚሸከመው ራሱን ነው፤ የጢስ መውጫ ግን እሳትን፣ ንፋስንና የሰው እስትንፋስን አብሮ ይሸከማል። እንግዲህ ባለሙያ ስትመርጡ የሚከተለውን አስተውሉ።

1ኛ. ቀደም ሲል የሠራውን አሳዩኝ በሉ። ከተሠራ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ማንደጃ ሄዳችሁ እዩ። የቤቱን እመቤት «ይጨሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንደጃው አፍ በላይ ያለው ግድግዳ በጥቀርሻ ከጠቆረ መልሱን ግድግዳው ሰጥቶአችኋል።

2ኛ. ጥያቄ የሚያበዛውን አትናቁ። ስለ ንፋስ፣ ስለ ጣራው እንጨት፣ ስለ ማገዶውና ስለሚተኛው ሰው ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግር ሰው፣ የሚሠራውን ገና አላሰበበትም ማለት ነው።

3ኛ. እያንዳንዱን ሥራ ለየባለሙያው ስጡ። ግንቡ የግንበኛ፣ የጣራው መክፈቻና መዝጊያ የአናጢና የቆርቆሮ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። «ሁሉንም እኔ እችላለሁ» የሚለውን ሰው ቀስ ብላችሁ መርምሩ።

4ኛ. ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በውሉ ውስጥ የጢስ መውጫው ቁመትና ስፋት፣ የጡቡ ዓይነት፣ የክፍያው ጊዜና የሙከራው ቀን ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይህን መብት ለማስከበር ግን ማን ምን እንደ ሠራ የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልጋል።

5ኛ. ሙሉውን ዋጋ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። የመጨረሻው ክፍያ ማንደጃው ነዶ ከታየ በኋላ ይሁን። ይህም ባለሙያውን ለማዋረድ የሚደረግ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በእሳት መፈተኑን አይፈራም።

የአገራችን ግንበኞችና አንጥረኞች ለዘመናት በእጃቸው ሥራ ሲያኖሩን ሳለ በሚገባ ሳይከበሩ መቅረታቸው የታወቀ ነው። ባለሙያን ማክበር ማለትም ዋጋውን መክፈል፣ ምክሩን መስማትና ለሥራው የሚበቃ ጊዜ መስጠት ነው።

ሥራው ሲሠራ መታየት ያለበት

ባለቤቱ ግንበኛ መሆን አያስፈልገውም፤ ሆኖም ሜትር ይዞ መለካት ይችላል።

የጢስ መውጫው ጫፍ ከጣራው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ማናቸውም የጣራ ክፍል ወይም ግድግዳ ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከዚህ ካነሰ ንፋሱ ጣራውን መትቶ ሲመለስ ጢሱን ወደ ቤት ይገፋዋል። መውጫው በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ ይሁን። የውስጡም ስፋት ከማንደጃው አፍ ስፋት ከዐሥር አንድ እጅ አይነስ። ለምሳሌ አፉ 80 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማንደጃ፣ ውስጡ ቢያንስ 22 በ22 ሳንቲ ሜትር የሆነ መውጫ ያስፈልገዋል፤ በደጋ አገር ከዚህም ሰፋ ቢል ይመረጣል።

እሳቱ የሚነድበት ክፍል በእሳት ቻይ ጡብ ይሠራ። ብሎኬትና ተራ የሲሚንቶ ቡኬት በብርቱ እሳት ይሰነጠቃሉ። ከወንዝ የመጣ ድንጋይም በውስጡ የቋጠረው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሊፈነዳ ይችላል። በማንደጃው ፊት ያለው ወለል ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር፣ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በድንጋይ ወይም በሸክላ ይነጠፍ፤ ፍም ተስፈንጥሮ ቢወድቅ ምንጣፍና ጣውላ እንዳያገኝ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተመልከቱ የምንለው ኮርኒሱን ነው። ብዙው የከተማችን ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት ተሠርቶ ከላይ በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ከውስጥ በጨርቅ ወይም በስስ ጣውላ ኮርኒስ የተጋረደ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚነሣ እሳት ከታች ላለው ሰው ቶሎ አይታይም፤ በታየ ጊዜም ጣራው ሁሉ ተያይዞአል። ስለዚህ በግንብ የተሠራ የጢስ መውጫ ከማናቸውም እንጨት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። በአንድ ድርብ ላሜራ የተሠራ ቱቦ ደግሞ ከሚነድ ነገር 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ ስላለበት፣ እንዲያው ኮርኒስ በስቶ ማለፍ የለበትም፤ ሙቀት የማያሳልፍ መከላከያ ይደረግለት።

ግንቡ ካለቀ በኋላ አንድ ወር ያህል ይድረቅ፤ ከዚያም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንንሽ እሳት ይለኮስበት። የሙከራውም ቀን ሲደርስ በርና መስኮት ተዘግቶ እሳት ይነደድና፣ የሚጨስ ወረቀት በማንደጃው አፍ ፊት ይያዝ። ጢሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መልካም ነው። ወደ ክፍሉ ካዘነበለ ግን «ሲሞቅ ይስተካከላል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ።

ስለ ማድ ቤት

የሳሎን ማንደጃ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ማድ ቤት ግን ሁሉም አለው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ከመኝታ ቤት የተለየ፣ ከጣራው በታችም ጢስ መውጫ ያለው ይሁን። በሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል፤ ስለዚህም ጢሱን ይቀንሳል። ነገር ግን በሚገባ ያልተገጠመና ስንጥቁ ያልተደፈነ እንደ ሆነ ጥቅሙ ይቀራል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢስ ስለሌለው ለጤና እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም 3,500 ዋት ያህል ኃይል ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚያህል ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ያሳልፋል። ይህን በስስ ሽቦና በተራ ሶኬት ላይ መሰካት በግድግዳ ውስጥ እሳት መትከል ማለት ነው። ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ከሆነ ቆጣሪው ይጥፋና ባለሙያ ይጠራ።

ከተሠራ በኋላ

መልካም ሆኖ የተሠራ ማንደጃም ጥበቃ ያሻዋል። በጢስ መውጫው ውስጥ የሚጋገረው ጥቀርሻ ራሱ የሚነድ ነገር ስለሆነ፣ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ በባለሙያ ይጠረግ፤ ስንጥቅም ካለ ይታይ። እርጥብ እንጨት ጥቀርሻን ስለሚያበዛ የደረቀ ማገዶ አንድዱ። ዐመድ በውስጡ ፍም ሸሽጎ ለብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ተደርጎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ እንጂ በካርቶን ወይም በጆንያ አይቋጠር። እሳት ሳይጠፋ የጢስ መውጫውን አትዝጉ። ሕፃናት ባሉበት ቤት በማንደጃው ፊት የብረት መከላከያ ይቁም። አቅም ላለው ሰው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በመኝታ ቤት መስቀል ጥሩ ነው። የከሰል ማንደጃ ግን በምንም ምክንያት በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ አይደር።

አደጋ ቢደርስ

በከሰል የታፈነ ሰው ሲገኝ በርና መስኮቱ ይከፈት፤ ሰውየውም ወዲያው ወደ ውጭ አየር ይውጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አይጋት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ሻል ቢለውም ወደ ሐኪም ይወሰድ። በተራ አየር ሲተነፍስ የመርዙ ግማሽ ከደሙ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል።

የተቃጠለ ሰው ቁስሉ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት ወይም ቡና አይቀባ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ሲነሣ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሲያስፈልግ በ907 ይደወል። በሌሎች ከተሞች ያሉ አንባቢዎቻችን የከተማቸውን ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቀው በበር ጀርባ ይለጥፉ።

ለመምህራን

ይህ ትምህርት በየቤቱ የሚገባው በእናንተ በኩል ነው። በሰኔ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ተማሪዎቻችሁን «ማታ ከሰል አጠገብ የሚተኛ ማነው? ጧት ራሱን እያመመው የሚነሣስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እጁን የሚያወጣ ልጅ ቢገኝ ወላጁን አስጠርታችሁ አስረዱ። በአንድ ጥያቄ አንድ ቤተሰብ ሊድን ይችላል።

የመምህሩን ታሪክ ሳንፈጽመው አንተወውም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሽማግሌው ግንበኛ እንደ ገና ተጠሩ። የተሠራው ፈርሶ በሌላ ሲተካ፣ የማፍረሱም የመሥራቱም ወጪ ተደምሮ አስቀድመው ከጠየቁት ዋጋ አለፈ። ወጣቱም ግንበኛ ሲጠራ አልሸሸም፤ ከሽማግሌው ጋር ሆኖ እየረዳ ሠራ፤ ተማረም። ሥራው አልቆ እሳቱ በተለኮሰ ዕለት ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ግን ሒሳባቸውን ከመቀበላቸው በፊት ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ጥያቄያቸውን ደገሙት፤ «ማታስ በዚህ ክፍል የሚተኛ ሰው አለ?» አሉ። መምህሩም «እሳቱ ሳይጠፋ የሚተኛ የለም፤ ከሰልም ከእንግዲህ አይገባበትም» ብለው መለሱላቸው።